ከሳር ቤት እስከ ጀሞ፦ ለአንድ ጥሩ ቱና ሳንዱች

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባ ስልክ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር ያለ ሽቦ የሚያገናኘው ጣቢያ በዚህ በደቡባዊው የከተማ ዳርቻ ተተከለ። ሰውም «በነፋስ የሚሄድ ስልክ» አለው፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ዛሬ ዳርቻነቱ ተረስቷል። ክፍለ ከተማው ከሳር ቤትና ከጎፋ ተነስቶ በመካኒሳ፣ በላፍቶና በለቡ አድርጎ እስከ ጀሞ ይዘልቃል። ከሩቅ የመጣን ነገር ተቀብሎ የራስ የማድረግ ልማዱ ግን አልተለወጠም። ለዚህ አንዱ ምስክር በየካፌው ሜኑ ላይ፣ በተለይ በጾም ሰሞን፣ የማይጠፋው ቱና ሳንዱች ነው።

ቱና የውቅያኖስ ዓሣ ነው። የእኛ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ይሰጣሉ እንጂ ቱና አይሰጡም። በመደርደሪያ ላይ የምናየው ጣሳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በታሸገ ቱና ንግድ ከዓለም ቀዳሚ ከሆነችው ከታይላንድ ነው። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ ደረቁን መሬት አቋርጦ ሽቅብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር የመንገደኞች መዳረሻም በዚሁ አቅጣጫ፣ በለቡ በኩል መሆኑ ለሰፈሩ ልጆች የባሕሩን በር ትንሽ ያቀርበዋል።

የጣሳ ቱና ራሱ ያን ያህል የቆየ ምግብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፔድሮ የሚገኝ የሰርዲን ፋብሪካ የሰርዲን እጥረት ሲገጥመው ቱናን በእንፋሎት አብስሎ ማሸግ ጀመረ። ሥጋው ሲበስል ነጣ ብሎ ዶሮ ስለሚመስል ገበያው ወደደው። ከዚያ በማዮኔዝ ተለውሶ፣ በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሃል ገብቶ የአሜሪካ ተማሪዎች ምሳ ሆነ።

አዲስ አበባ ስትቀበለው ግን ማዮኔዙን አወጣች።

ማዮኔዝ ሲወጣ ማን ወደ ማዕድ ይገባል?

ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ማዮኔዝ በእንቁላል ይሠራል፤ እንቁላል ደግሞ የፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን አጽዋማት በሚቆጥር ከተማ ውስጥ ማዮኔዝ ያለበት ሳንዱች ከዓመቱ ብዙውን ቀን ለብዙ ሰው የተዘጋ ነው። ስለዚህ ካፌዎቻችን ቱናውን በቀይ ሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በዘይት ለወሱት። «የጾም ቱና» የሚባለው ይህ ነው።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጥያቄ ግን በየቤቱ መልሱ ይለያያል። ብዙ አባቶች በተለይ በዐቢይ ጾም ከዓሣም መከልከልን ያስተምራሉ፤ በከተማው ልማድ ደግሞ ዓሣን ከጾም ምግብ የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እናት ከዓሣም ትጾማለች፣ አባት ዓሣ ይበላል፣ ልጆቹ ገና አልጀመሩም፣ ለእንግድነት የመጣችው የሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ዓሣውን ያለ ሐሳብ ትቀበላለች። ጥሩ የቱና ሳንዱች አሠራር ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን ነው፦ ማባያው ለብቻው ተሠርቶ ቱናው መጨረሻ ላይ ይገባል። ዓሣ የማይበላው ሰው በዚያው ማባያ ላይ የተቀቀለ ሽምብራ ጨምሮ የራሱን ይሠራል። አንድ ማዕድ፣ አንድ ሰዓት፣ ማንም ሳይገለል።

ሳር ቤት፦ ጣሳውን ማንበብ

ጉዞውን ከሳር ቤትና ከብሥራተ ገብርኤል አካባቢ ሱፐርማርኬቶች እንጀምር። ጣሳ ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮችን ይዩ። የመጀመሪያው የጣሳው መልክ ነው፤ ያበጠ፣ የዛገ ወይም ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ጣሳ በቅናሽ እንኳ ቢሰጥዎ አይግዙ። ሁለተኛው የተጣራ ክብደቱ ነው። ከላይ የተጻፈው ቁጥር ውሃውን ወይም ዘይቱን ይጨምራል፤ ዓሣው ብቻውን ስንት ግራም እንደሆነ በሌላ መስመር ላይ በትንሹ ይጻፋል። ሁለት ጣሳ ማወዳደር ያለብዎት በዚህኛው ቁጥር ነው። ሦስተኛው የዓሣው ዓይነት ነው። ስኪፕጃክ የሚባለው ትንሹ ቱና፣ አልባኮር ከሚባለው ነጭና ትልቅ ቱና ይልቅ ያለው የሜርኩሪ መጠን አነስተኛ ስለሆነ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች የተሻለው እሱ ነው። እሱም ቢሆን በሳምንት ከሁለትና ከሦስት ጊዜ ባይበልጥ ይመከራል።

በዘይት ወይስ በውሃ? ለእኛ ዓይነቱ ሳንዱች በዘይት የታሸገው ይሻላል፤ ዘይቱ የዓሣውን ጣዕም ስለያዘ ማዮኔዙ የተወውን ልስላሴ ይተካል። ጣሳውን አጥልለው ዘይቱን አይድፉት፤ ሁለት ማንኪያ ያህሉ ለማባያው ይፈለጋል። በውሃ የታሸገ ከሆነ ግን ውሃውን በእጅዎ ጨምቀው ያውጡ። የአብዛኛው ደካማ ቱና ሳንዱች ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ያልተጠለለ ውሃ ዳቦውን ያላቁጠዋል፣ ጨውና ሎሚውንም ያቀጥነዋል።

ስለ ዋጋም እናንሳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ58 ብር ገደማ ወደ 110 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። ከውጭ የሚገባ ጣሳ ደግሞ ዶላሩን ይከተላል። ለዚህ ነው ዛሬ አንድን ጣሳ ለአንድ ሰው ማድረግ ለብዙ ቤተሰብ ቅንጦት የሆነው። በአንድ ጣሳ ላይ ግማሽ ስኒ ተቀቅሎ ለዘብ ብሎ የተፈጨ ሽምብራ ቢጨምሩ ሳንዱቹ ይበረክታል፤ ጣዕሙም አይጎዳም።

መካኒሳ፦ ዳቦው

ወደ መካኒሳ ሲወርዱ የዳቦ ቤቶቹ ሽታ ይቀበልዎታል። ከምድጃ የወጣ ትኩስ ፉርኖ ዳቦ የማያጓጓው ሰው የለም፤ ለቱና ግን ትኩስ ዳቦ አይሆንም። እንፋሎቱ ገና ስላልወጣ ማባያውን ሲነካ ሊጥ ይሆናል። ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት የቀዘቀዘ፣ ወይም ያደረ ዳቦ ይምረጡ። ቤት ሲደርሱ ለሁለት ሰንጥቀው የውስጡን ፊት በደረቅ መጥበሻ ላይ ደፍተው ቡናማ እስኪሆን ያሙቁት። የደረቀው ፊት ፈሳሹ እንዳይሰርግ ይከላከላል፤ ሲነክሱትም ደስ የሚል ድምፅ ይሰጣል። አምባሻ የተረፈበት ቤት ካለ ደግሞ እሱን ይሞክሩ። ድምብላልና ጥቁር አዝሙድ ያለበት አምባሻ ከዓሣ ጋር በጣም ይስማማል።

ሃይሌ ጋርመንት፦ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ

ከላፍቶ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሲያልፉ የከተማው ትልቁ የአትክልት ገበያ ይገኛል። ለረጅም ዓመታት ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ወደዚህ መጣ። ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ትርጉሙ ቀላል አይደለም፤ ድሮ ፒያሳ ድረስ ይሄድለት የነበረው ቲማቲም አሁን ደጁ ላይ ይራገፋል። በኪሎ መሸመት ለማይፈልግ ደግሞ በየመንደሩ ጉሊት አለ። «ቃሪያው ያቃጥላል?» ብለው ቢጠይቁ፣ «ይቅመሱታ፣ እትዬ! እንደ ዕድልዎ ነው» የምትል ባለ ጉሊት አይጠፋም።

ዕድልዎን ግን ማስተካከል ይቻላል። የቃሪያ ማቃጠል በብዛት ያለው ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ሥር ላይ ነው። ለልጆች ሲሆን ነጩን በቢላ ፍቀው ያውጡት፤ መዓዛው ይቀራል፣ እሳቱ ይወጣል። ቀይ ሽንኩርቱን በጣም አድቅቀው በሎሚ ጭማቂና በቁንጥጫ ጨው ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ ኃይሉ ይበርዳል፣ ቀለሙም ሮዝ ይሆናል። ቲማቲሙን ለሁለት ከፍለው ፍሬውንና ውሃውን በማንኪያ ያውጡ፤ ለሳንዱች የሚፈለገው ሥጋው ብቻ ነው። ሁሉም ጥሬ የሚበላ ስለሆነ ከመክተፍዎ በፊት በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ።

ሁለት ነገር ይጨምሩ። አንደኛው አቮካዶ ነው፤ የበሰለ አንድ አቮካዶ በሹካ ተፈጭቶ የማዮኔዝን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ሁለተኛው ሰናፍጭ ነው። ፈረንጅ ቱናውን በማስታርድ ሲያጣፍጥ እኛ ከሽሮና ከጾም በያይነት ጋር የለመድነው ሰናፍጭ እያለልን እንረሳዋለን። ሰናፍጭ ኃይሉ የሚወጣው ፍሬው ተፈጭቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው፤ በሙቅ ውሃ ከለወሱት ግን ሽታው አፍንጫ ሳይደርስ ይሞታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ለአራት ሰው ይበቃል።

ጀሞ፦ ወጥ ቤት

ከለቡ አልፈን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረስን። ወጥ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አንድ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ መጥበሻ ይበቃሉ። ለአራት ሰው፦ ሁለት ጣሳ ቱና፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ቲማቲም፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ አቮካዶ፣ አንድ ትልቅ ሎሚ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከጣሳው የተረፈ ዘይት።

በሎሚ የተዘፈዘፈውን ሽንኩርት ከነጭማቂው ወደ ሳህኑ ይገልብጡ፤ ሰናፍጩንና ዘይቱን ጨምረው ይምቱ። አቮካዶውን ይለውሱ፣ ቃሪያና ቲማቲሙን ይጨምሩ። ዓሣ ለማይበላ ሰው ድርሻውን ቀንሰው ያስቀምጡ። ከዚያ ቱናውን በጣትዎ በትልልቁ እየፈለፈሉ ያስገቡ፣ ሁለት ሦስቴ ብቻ ያገላብጡ፤ ከተፈጨ ዱቄት ይሆናል። ጨው የሚቀመሰው አሁን ነው፤ ጣሳው ራሱ ጨው አለው። ዱለት የሚወድ አባወራ ካለ ደግሞ ቱናውን በመጥበሻ ላይ ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ለሁለት ደቂቃ አሙቀው፣ ሚጥሚጣ ነስንሰው፣ በትኩሱ በአምባሻ ያቅርቡለት።

ጣሳው የተወደደበት ሳምንት ደግሞ የዝዋይ ወይም የሐዋሳ ቆሮሶ አለ። አጥንቱ የወጣለትን ሥጋ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በአንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ውሃ ውስጥ እስኪበስል ቀቅለው፣ አቀዝቅዘውና ፈልፍለው በቱናው ቦታ ይተኩት። ጣዕሙ ለስለስ ስለሚል ሎሚውን ይጨምሩለት።

የምሳ ዕቃው ጉዳይ

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ልጅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥቶ ምሳውን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቢበላ፣ ሳንዱቹ አምስት ሰዓት በቦርሳ ውስጥ ይቆያል። የተከፈተ ቱና ግን ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፣ የተዘጋ ምሳ ዕቃ ውስጡ ይሞቃል። የተበላሸ ቱና ሁልጊዜ አይሸትም። ሲቆይ የሚፈጠረው ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ፊትን ያቀላል፣ ያሳክካል፣ ያስመልሳል፤ ማሞቅም አያጠፋውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ማታ ትንሽ ሃይላንድ ውሃ ሙሉውን ሳይሞሉ ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩ። ቱናውን በተለየ ክዳን ባለው ዕቃ አቀዝቅዘው፣ ጠዋት ከበረዶው ሃይላንድ ጋር አጣብቀው በምሳ ቦርሳው ውስጥ ይክተቱ፤ ዳቦው ለብቻው ይሂድ፣ ልጁ እዚያው ይሥራው። ውሃው ለምሳ ሰዓት ቀልጦ ይጠጣል። በረዶ ማድረግ የማይቻልበት ቀን ከሆነ ቱናው ለእራት ይቆይ። የተረፈ ቱናም በጣሳው ውስጥ አይደር፤ ክዳን ባለው ዕቃ ተገልብጦ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ በሁለት ቀን ውስጥም ይበላ።

ከታይላንድ ባሕር ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ የደረሰ ጣሳ ብዙ መንገድ ተጉዟል። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች የእርስዎ ናቸው፤ ቱናው ይጠለል፣ ሽንኩርቱ በሎሚ ይብረድ፣ ዳቦው ይሙቅ። የቀረው ቤተሰቡን ወደ ገበታ መጥራት ነው።