የሐሩር ወራት ማዕድ በጃፓን አገር

በአገራችን ሐምሌ ሲባል ትዝ የሚለን ዝናም፥ ጭቃና ብርድ ነው። በጃፓን አገር ግን ይኸው ወር የሐሩር ወር ነው። እኔም ይህን ያወቅሁት ኪዮቶ በምትባለው ጥንታዊት ከተማ ለትምህርት በተቀመጥሁበት ዘመን ነው። ከተማዪቱ በሦስት ወገን በተራራ የተከበበች ስለ ሆነች ነፋስ እንደ ልብ አያገኛትም፤ በሐሩሩም ወራት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። አየሩ እርጥበት የሞላበት በመሆኑ ላብ ከገላ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ሰው እንቅልፍ ያጣል፥ መብልም ያስጠላዋል። ጃፓኖች ይህን የሐሩር ድካም «ናትሱባቴ» ይሉታል።

ያረፍሁበት ቤት እመቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሰኔ 23 ቀን ሚናዙኪ የሚባል ጣፋጭ ምግብ አቀረቡልኝ። ይህም ከዱቄትና ከስኳር ተለውሶ በእንፋሎት የበሰለ፥ ሦስት ማዕዘን ያለው ነጭ ነገር ሲሆን፥ በላዩ አዙኪ የተባለ ቀይ ጥራጥሬ ተደርድሮበታል። ምሳሌነቱ የበረዶ ስባሪ ነው። በጥንት ዘመን በብርዱ ወራት የተከማቸው በረዶ በሐሩር ጊዜ ለቤተ መንግሥት ይቀርብ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ በረዶውን ቢያጣ መልኩን በምግብ ሠርቶ በላ ይባላል። ቀዩም ጥራጥሬ ክፉውን ነገር ያርቃል ተብሎ ይታመናል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጧቱ ሁለት ነገር ከማዕዱ አይጠፋም ነበር። አንደኛው ሙጊቻ ነው፤ ይኸውም ገብሱን ልክ እንደ እኛ ቆሎ ቆልተው በውሃ ካፈሉት በኋላ አቀዝቅዘው የሚጠጡት ነው። ሁለተኛው ኡሜቦሺ ነው፤ ይኸውም ኡሜ የሚባለውን ኮምጣጣ ፍሬ በብዙ ጨው ካቈዩት በኋላ በሐሩሩ ፀሐይ ሦስት ቀን ያህል አስጥተው የሚያዘጋጁት ነው። አንዱ በላብ የወጣውን ውሃ፥ ሌላው ጨውን ይመልሳል። እኔ ግን ይህን ሁሉ የባልቴት ወግ አድርጌ በመቍጠር፥ ፍሬውን ሳልቀምስ፥ ውሃውንም ሳልጠጣ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄድ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ስመለስ ዓይኔ ጨልሞብኝ ከደጃፉ ወደቅሁ። እመቤቲቱ ጐረቤት ጠርተው ወደ ጥላ አስገቡኝ፤ በአንገቴና በብብቴ እርጥብ ጨርቅ አደረጉልኝ፤ ነፍሴን ባወቅሁም ጊዜ ሙጊቻውን በጥቂት በጥቂቱ አጠጡኝ። ማታ ከተሻለኝ በኋላ ይቅርታ ብጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈይተው፥ «ልጄ፥ ባለቤቴ የሞተው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። እኔ ሴት ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሙጊቻው ተዘጋጅቶ ሞልቶ ነበር፤ ጠጣ የሚለው ሰው ግን አልነበረም» አሉኝ። ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ውሃ ቢያጣም ጥማቱ እንደ ወጣትነቱ አይሰማውም፤ ስለዚህ ሐሩር ሽማግሎችን ሳይታወቅ ይጎዳል።

በጥንቱ አቈጣጠር መጸው የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት 18 ቀኖች ያህል ዶዮ ይባላሉ። ቀኖቹም በ12 እንስሳት ስም ስለሚቈጠሩ፥ በዶዮ ውስጥ «የበሬ ቀን» የሚውልበት ዕለት ኡናጊ የሚባለው እባብ መሳይ ረዥም ዓሣ ተጠብሶ ይበላል። ይህ ዓሣ ለከሳ ሰው በሐሩር ጊዜ እንደሚበጅ በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ባለቅኔ ኦቶሞ ኖ ያካሞቺ ጽፏል። በበሬ ቀን መብላቱን ግን በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ሂራጋ ጌናይ፥ ገበያ የቀዘቀዘበትን አንድ ዓሣ ሻጭ ለመርዳት እንዳስለመደው ይተረካል።

የበሬ ቀን በደረሰ ጊዜ እኔም ይህን ዓሣ ስጠብቅ ሳለ፥ እመቤቲቱ ኡዶን የሚባለውን ከስንዴ ዱቄት የተሠራ ምግብ ከኡሜቦሺ ጋራ አቀረቡ። ምክንያቱን ብጠይቅ፥ በዚያ ቀን ስሙ በ«ኡ» የሚጀምር ምግብ ሁሉ ይበጃል የሚል የቈየ ልማድ መኖሩን ነገሩኝ። የጃፓን ኡናጊ ቍጥሩ እጅግ በማነሱ በ2006 ዓመተ ምሕረት ለመጥፋት ከተቃረቡ ፍጥረቶች ጋራ በዓለም አቀፍ መዝገብ ተጽፏል፤ በኩሬ የሚረባውም ቢሆን ጫጩቱ ከባሕርና ከወንዝ የሚጠመድ ነው። «ቀኑን እናከብራለን፤ ዓሣውን ግን ለልጅ ልጆች እንተውላቸዋለን» አሉኝ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ የጥንት ሰዎች ለአስጨናቂው ወራት ቀንና ማዕድ መወሰናቸው፥ በዚያ ቀን ደካማው ሳይጠራ እንዳይቀር ነው ብዬ አምናለሁ። በየቤታችንም ሽማግሌ አባትና አሮጊት እናት ያለን ሁሉ፥ ማዕዱን ማሰናዳት ብቻ ሳይሆን አጠገባቸው ተቀምጠን እንካችሁ ማለት ይገባናል።

እኔ ወደ አገሬ ከተመለስሁ ወዲህ፥ በየዓመቱ በሐምሌ ዝናሙ ጣራውን ሲደበድብ ለእመቤቲቱ በስልክ ሙጊቻውን ጠጥተው እንደ ሆነ እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸውም ይስቁና፥ «ልጄ፥ ጠጥቻለሁ» ይሉኛል።