በቃኝ የማይባልበት ቤት

«አገርህ የት ነው?» ስትለኝ «ወሎ» ብዬ መለስኩላት። ይህን ስንጨዋወት የተቀመጥነው ፒያሳ አካባቢ አንዲት ማኪያቶ ቤት ውስጥ ነበር። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ሰው ለቅሶ ቤት ሊገባ ሲል የሚያጠልቀው ዓይነት ፊት አለ አይደል? እሱን አጠለቀች። ይህን ፊት አሳምሬ አውቀዋለሁ። የወሎ ልጅ ሆኖ ከፈረንጅ ጋር የተዋወቀ ሁሉ ያውቀዋል።

ወዳጄ አየርላንዳዊት ናት። ልጅ ሳለች በዐቢይ ጾም ሰሞን ለተማሪዎች ትንንሽ የካርቶን ሣጥን ይታደል ነበር። ሣጥኑ እቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከከረሜላ የተረፈች ሳንቲም ወደዚያ ትገባለች። በሣጥኑ ላይ የሕፃን ፎቶግራፍ አለ። ወዳጄ ሾርባዋን ሳትጨርስ ለመነሳት የቃጣች እንደሆነ እናቷ ምንም ሳይናገሩ ጣታቸውን ወደ ሕፃኑ ይቀስሩ ነበር። እንግዲህ ከእኛ ጋር የተዋወቀችው በዚህ መልክ ነው። ከሕፃኑ ጋር እየተያየች ነው ያደገችው።

አልፈርድባትም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም አንስቶ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የአገሯ ልጅ ቦብ ጌልዶፍ ያን ትልቅ ኮንሰርት አዘጋጀ። የተረዳው ሰው ብዙ ነውና ምስጋናው አይቀርም። ነገር ግን ካሜራው የመጣው በከፋ ቀን ነበር፤ በደኅናው ቀን አልተመለሰም። ስለዚህም ወሎ በብዙ ሰው ዓይን እስከ ዛሬ ባዶ ሳሕን እንደያዘ ቀርቷል።

«እንግዲያው ነይና እራት ብዪ» አልኳት።

በጥቅምት መጨረሻ 2011 ዓ.ም. ተነሳን። ደሴ አድረን፣ በማግስቱ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፈን መርሳ ላይ ለእናቴ ፓፓያ ገዛን። ከመርሳ ወደ ወልድያ በአስፋልቱ ለሚከንፍ መንገደኛ ሲሪንቃ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ የምታልፍ ትንሽ ቦታ ናት። ከሩቅ የሚያውቃት ቢኖር በምርምር ማዕከሏ ምክንያት የግብርና ሰው ነው። ግራና ቀኙን የቆመውን ማሽላ እያየች «ይህ ሁሉ የከብት መኖ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅኩ እንጂ አልመለስኩላትም። መልሱን ለእናቴ መሶብ ተውኩት።

መሶቡ ግን የጠበቅኩትን መልስ አልሰጠም።

እናቴ እንቁላል ጣይ ዶሮዋን አርዳ ጠበቀችን። እንጀራው ጤፍና ማሽላ ቅይጥ ነው፤ ትኩስ፣ ለስላሳ። ጎረቤታችንም «የልጃችን እንግዳ» ብለው የእርጎ ቅል ይዘው መጡ። እሳቸው ሙስሊም ናቸውና ከዶሮው አይቀምሱም፤ እናቴ ለእሳቸው ሽሮውን ለብቻ ሠርታላቸዋለች። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለው ነገር ወሬ አይሆንም፤ ሁለት ድስት መጣድ የቤቱ ወግ ነው።

ወዳጄ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን ሰበሰበች። እናቴ እንቁላሉን ወደፊቷ ገፋ አድርጋ «ኧረ በሞቴ፣ ብዪ እንጂ የኔ እናት!» አለቻት። ጎረቤታችን «አፈር ስሆን!» ብለው ደገሙ። ወዳጄ ከእኔ የተማረችውን አንድ ቃል አወጣች፤ «በቃኝ»። እናቴ ለማጉረስ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ቤቴን ተጠይፋው ነው?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወዳጄን በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። «እንዴት ብዬ እበላለሁ?» አለችኝ። «ይህች ዶሮ ምናልባት የቀረቻቸው አንዲት ናት። እኔ ከእነዚህ ሰዎች ላይ ምግብ መውሰድ አይገባኝም።» አስተርጓሚ ሆኜ ዋሸሁ። «መንገዱ አናውጧት ሆዷን አሟታል» አልኩ። እናቴ አላመነችኝም። መሶቡን ከደነች። ያን ሌሊት ሁለቱንም አስቀይሜ እንዳሳደርኩ እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲነጋ አጎቴ ወደ ማሳቸው ወሰዱን። ማሽላው እሸት ደርሷል። ለወዳጄ ጥንቅሽ ቆርጠው እንዴት እንደሚላጥና እንደሚመጠጥ አሳዩዋት። ፍም ላይ የማሽላ ራስ ጠብሰው በሰፌድ ላይ አሹላት። ከዚያም በማሳው መካከል ተበታትኖ ከቆመው ዘር አንዱን ፈልገው መጡ፤ ፍሬው ጨምደድ ያለ፣ መልከ ጥፉ ማሽላ ነው። «ምርቱ ትንሽ ነው፤ ለጎተራም አይሆን። ለእሸት ግን የሚያህለው የለም» አሉ። ስሙ «ወተት በጉንጬ» ነው። ስሙን ስተረጉምላት ወዳጄ ከት ብላ ሳቀች። የመጣችበትንም ነገር ረስታ ጣቶቿ በጥላሸት እስኪጠቁሩ በላች።

የዚህን ጨምዳዳ ማሽላ ታሪክ ያነበብኩት ቀደም ብዬ ነበርና እዚያው ማሳ ላይ ነገርኳት። የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በሺህ የሚቆጠሩ የዓለም ማሽላዎችን አንድ በአንድ መርምረው፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል የበዛባቸው ሁለት ዘሮች አገኙ። ሁለቱም የወሎ ናቸው፤ ፍሬያቸውም እንዲሁ ጨምዳዳ ነው። ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር ደባልቆ ይዘራቸዋል፤ በእሸትነታቸውም ጠብሶ ይበላቸዋል። ላቦራቶሪ ባይኖረው ምላስ ነበረውና፣ የዘሩን ዋጋ በስሙ መዝግቦ አስቀምጦታል። ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ልብ በሉልኝ! የዲምብልቢ ፊልም የታየበት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወሎ በሁለት ነገር ተገኘች፤ አንዱን ዓለም ሁሉ ሲያየው፣ ሌላው በሊቃውንት መጽሔት ውስጥ ቀረ።

አጎቴ ደግሞ ወይን ጠጅ አበባ ያላትን አቀንጭራ ከሥሯ ነቅለው አሳዩን። ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቃ የምትመጠምጥ ጠላት ናት። እሷን የሚቋቋሙትን ጎቢዬንና አብሽርን የመሳሰሉ ዘሮች በማውጣት ሥራ ስማቸው የሚነሳው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉ የእኛው አገር ሰው ናቸው። ወዳጄ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ስማቸውን ጻፈች።

ማታ ቡና ተፈላ። አቦሉ እንደተቀዳ እናቴ ወደ እኔ ዞራ «አሁን እውነቱን ንገረኝ፤ ትናንት ምን አለች?» አለችኝ። በጎረቤታችን ፊት መዋሸት አልቻልኩም፤ እንዳለ ተረጎምኩላት። ሣጥኑንም፣ ሕፃኑንም ነገርኳት።

እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ ለእኔ ለልጇ እንኳ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር አወራች። «በሰባ ሰባት አባቴ አንድ ቅል ዘር ነበረው። ከምድጃው በላይ ሰቅሎታል። እኛ ስናለቅስ እያየ አላወረደውም። ታናሽ ወንድሜ ሞተ። ቅሉ ግን አልተነካም። በዓመቱ ዝናብ ሲጥል ያንን ዘራ፤ እኛ የተረፍነው በላነው። አባቴ ልክ ይሁን ስሕተት እስካሁን አላውቅም። አጎትህ የሚዘራው የዚያን ቅል ዘር ነው። እኔ ከዚህ መሶብ ለሰው ሳቀርብ ስለተረፈኝ አይደለም፤ የወንድሜ ድርሻ ስለሆነ ነው። በዚህ ቤት በቃኝ አይባልም በላት።»

በቃልኩ መጠን ተረጎምኩት። ወዳጄ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ የራሷን አገር ታሪክ ጀመረች። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲበሰብስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። እህል ግን በመርከብ እየተጫነ ከአገር ይወጣ ነበር። አያቷ ቤት ድንች በሳሕን ላይ ማስተረፍ ነውር ነበር፤ ምክንያቱን ማንም አይናገርም። ይህን ሁሉ ስታወራ ሣጥኑ ላይ ስለነበረው ሕፃን አንድም ቃል አላነሳችም።

እናቴ አዳምጣ ስትጨርስ «እንዲያማ ከሆነ ዘመዳችን ናት!» አለች። «ይህን ሁሉ እያወቀች ነው እንግዲህ የኔን ዶሮ ያሳደረችው?» ጎረቤታችን ሳቁ። ዶሮው ሞቆ ቀረበ። በዚያች ማታ እናቴ ያጎረሰቻትን ጉርሻ አልቆጠርኩትም። ቶናው ተጠጥቶ፣ በረካው ላይ ጎረቤታችን ዱዓ አደረጉልን፤ ወዳጄም ከሁላችንም ጋር «አሚን» አለች።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ምክንያት ከእኛ ተቆርጠው ነበር። ስልክ የለም፤ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ወራት አለፉ። ወዳጄ ከአገሯ ትጽፍልኝ ነበር። ሌላው ወዳጄ ሁሉ «እናትህ በሕይወት አሉ?» ይለኛል። እሷ ግን ይህን ከጠየቀች በኋላ ሁልጊዜ አንድ መስመር ትጨምራለች፤ «ቅሉስ?»

መንገዱ እንደተከፈተ ሄድኩ። እናቴ ከስታለች። ዶሮ የሚባል የለም፤ ፓፓያም አልያዝኩም። አቅፌያት ቀና ስል ከምድጃው በላይ አየሁት፤ ጭስ አጥቁሮት፣ አፉ እንደታሰረ ተሰቅሏል። ስልክ ሲመለስ ለወዳጄ የጻፍኩላት መጀመሪያ ይህን ነው።

እናቴ ግን ገና እንደተቀመጥኩ የጠየቀችኝ ሌላ ነበር። «ያቺ ዘመዳችን ደኅና ናት? ትበላለች?»