ትራኩ ሲያልቅ

የአልዱባ ገበያ ማክሰኞ ነው። በናው፣ አሪውና ፀማዩ ማሩንና ቅቤውን፣ ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ይገናኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት እኛም ከጂንካ ጭነን የሄድነው ነገር ነበረን፦ ሁለት ሞንታርቦ፣ ሚክሰር፣ ጀነሬተር፣ ኦርጋንና አንዲት ፍላሽ። ኮንፈረንሱ ሦስት ቀን ነበር። በገበያ ቀን ሰው ይበዛል ተብሎ የመክፈቻው ፕሮግራም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተያዘ።

ስለ ፍላሿ ልንገራችሁ። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ የተቀባዮቹ ድምፅ እንኳ ሳይቀር ስቱዲዮ ተቀርጾ እሷ ውስጥ ነበር። እኔ ኦርጋን ላይ ቆሜ ከላይ ጥቂት ዜማ እደርባለሁ፣ መሪያችን ይዘምራል፣ የቀረነው አፋችንን እናንቀሳቅሳለን። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰናል፤ እጅ የምናነሣበት ቦታ ተለማምደናል። እንዲያውም (ይህን ስጽፍ አፍራለሁ) መሪያችን ዝም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆምበት፣ ሰው «መንፈስ ቅዱስ ነክቶት ነው» የሚልበት ስምንት ምት ትራኩ ላይ ተለክቶ ተቀምጦ ነበር። በሄድንበት ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ይነካ ነበር።

ሦስተኛው መዝሙር ላይ ሕዝቡ አዝማቹን ያዘ። መጀመሪያ በአማርኛ ተቀበሉን፤ ከዚያ ከወደ ኋላ አንዲት እናት ቃሉን ወደ በና ቋንቋ መለሰችውና ሴቶቹ ተከተሏት። ጭብጨባው ከእኛ ድራም ጋር አልሄደም፤ የራሱን አካሄድ ያዘ። ገበያ ጨርሰው ወደ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ሸክማቸውን እያወረዱ ቆሙ። ያን ጊዜ ትራኩ አለቀ። እነርሱ አላቆሙም። አምስት ሰከንድ ያህል የእነርሱ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ ፍላሿ ሳትጠይቀን ወደ አራተኛው መዝሙር ገባች፣ ሞንታርቦውም ዋጣቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ዝም አሉ። የቆሙትም ሸክማቸውን አነሡ።

ማታ እሳት ዳር አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ያ መዝሙር ለምን አለቀ?» አሉኝ።

«አባባ፣ የተቀረጸው ስላለቀ ነው።»

«እኛ እኮ አልጨረስንም ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

የእኛ ጊታሪስት የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» እየሰማ ያደገ ልጅ ነው፤ ስለ ሮክ ባንዶች አውርቶ አይጠግብም። ስንመለስ መኪና ላይ ይህን ሳወራው ስለ ኩዊን ነገረኝ። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» መሐሉ ላይ ብዙ ድምፅ ተደራርቦ የተቀረጸበት ክፍል አለው፤ አራት ሰው መድረክ ላይ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ በኮንሰርት ያ ክፍል ሲደርስ ቴፑን ይከፍቱና መድረኩን ለቅቀው ይወጡ ነበር፤ የሮኩ ክፍል ሲመጣ ተመልሰው ይጫወታሉ። በትዕይንት ብዛት የሚታወቁት ዓለማውያን ያልዘመሩትን እንደዘመሩ አላስመሰሉም። እኛ፣ በእውነትና በመንፈስ ማምለክን የምንሰብከው፣ ቆመን አፋችንን እናንቀሳቅስ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ሌላ ስሕተት ነው። ፍላሿን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩባት። ልምምድም ተውን። «መንፈስ እንደመራን እንዘምራለን» አልኩ፤ ቡድኑም ደስ አለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነጻ ሆነላቸዋ! ሁለት ወር ያህል ጉባኤውን አሰቃየነው። አንዱ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ ይጀምረዋል፣ እኅቶች መድረስ ያቅታቸዋል፤ ሁለተኛውን ስንኝ የሚያውቅ ይጠፋና አዝማቹን ዐሥራ አምስት ጊዜ እንደግማለን። ስንፍናዬን መንፈሳዊነት ብዬ ሰየምኩት። የዳዊትን መዘምራን ቁጥር ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው፤ ለእግዚአብሔር መዝሙር የተማሩትና የሠለጠኑት 288 ነበሩ (1ኛ ዜና 25፥7)። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 እያንዳንዱ መዝሙር ይዞ እንደሚመጣ የተናገረበትን ምዕራፍ የሚዘጋው ሁሉ በሥርዓት ይሁን ብሎ ነው። ሁለቱም አንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው፤ እኔ ግን በተራ በተራ ነበር የማነብባቸው።

እንደገና አልዱባ ስሄድ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። እናንተ ሳትለማመዱ እንዴት ይሆንላችኋል? ሳቁብኝ። «ማን አልተለማመደም አለህ?»

በደርግ ዘመን የብዙ አጥቢያዎች በር ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለዓመታት በታሰረበት በዚያ ዘመን፣ እርሳቸው ወጣት ነበሩ። ድምፅ ማጉያ ቀርቶ ድምፅ ማውጣት ያስፈራ ነበር። በየቤቱ ማታ ማታ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር፤ ወረቀት ከተገኘ ያስይዛል፣ ስለዚህ ሁሉንም በቃል ያዙ። ከብት ሲጠብቁ፣ ማሽላ ሲያርሙ፣ ልጅ ሲያስተኙ። ያቺ እናት ማክሰኞ ዕለት ቃሉን ወደ ቋንቋዋ በአንድ ትንፋሽ የመለሰችው በድንገት መስሎኝ ነበር። ዕድሜ ልኳን ስታዘጋጀው የኖረችው ነው። በሕዝባቸውም ባህል ዘፈን አንድ ሰው ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ መቼ እንደሚበቃ የሚወስን ማሽን የለም፣ የደከመው ይወጣል፣ ያልደከመው ይገባል።

አሁን ቅዳሜ እንለማመዳለን፤ ከበፊቱም ይልቅ። ፍላሿን አንዳንዴ እጠቀማለሁ፣ ድራም መቺ ሲታመምብን። ያ ስምንት ምት ግን ተቆርጦ ወጥቷል፤ መሪያችን ሲያለቅስም ሳያለቅስም የራሱ ጉዳይ ነው። ትራኩን የምንዘጋበት ምልክት አለን፦ ሰው ከያዘው እጄን አነሣለሁ፣ ሚክሰር ላይ ያለው ወንድም ያጠፋዋል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ነው ያነሣሁት። አንዱ ላይ ቸኩዬ ነበር፤ ሕዝቡም ዝም አለ፣ እኔም ደነገጥኩ።

ባለፈው ማክሰኞ አልዱባ ነበርን። ከስብከቱ በኋላ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ አንድ መዝሙር ጀመሩ። እኔ እንደ ልማዴ ቁልፉን ፍለጋ ኦርጋኑን ነካካሁ። ዲ ላይ ሞከርኩ፣ ዝቅ አለብኝ። ኢ ፍላት ላይ ሞከርኩ፣ ከፍ አለብኝ። ድምፃቸው በሁለቱ መካከል ነበር። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ድምፁን ቀነስኩ፣ ከዚያም አጠፋሁትና ከኦርጋኑ ኋላ ወጥቼ ከሚያጨበጭቡት ጋር ቆምኩ።