ጉርድ ፎቶግራፍ ያስተማረኝ

በምግብ አዳራሽ ሰልፍም ሆነ በመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «አንተ እኮ የእጅ ሙያ አለህ፤ በጥር ወር ሁለት ሠርግ ብታነሣ የመምህር ደመወዝ ታገኛለህ። ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። እስካሁን ስቄ አልፌዋለሁ። ዳሩ ግን ሳቅ መልስ አይሆንም። የዝግጅት ክፍሉም ቦታ ስለ ሰጠኝ መልሴን በዚሁ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ አቀርባለሁ።

ወደ ማሠልጠኛው ከመግባቴ በፊት ሰባት ዓመት ያህል በፎቶግራፍ አንሺነት ሠርቻለሁ። ፎቶ ቤት የለኝም፤ ተቀጥሬም አላውቅም። ካሜራዬን በትከሻዬ አንግቼ፣ ለጀርባ የምሰቅለውን ነጭ አቡጀዲ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ወደ ተጠራሁበት መሄድ ነበር ሥራዬ። ጥር ሲገባ ሠርግና ጥምቀት ነው። ዐቢይ ጾም ሲያዝ ሠርግ ስለሚቀር ኪሴም አብሮ ይጾማል። ያን ጊዜ የሚያኖረኝ 3 በ 4 ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ምርቃት አለ፤ አንዱን ጋውን አምስት እኅትና ወንድም እየተቀባበሉ ይነሡበታል።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ ከለቅሶ ቤት የሚመጣው ነው። የሟቹን ፎቶግራፍ አሳድግልን ብለው የሚያመጡልኝ ብዙ ጊዜ የቀበሌ መታወቂያ ነው። ሌላ ፎቶግራፍ የለማ! የአንድ አባት መታወቂያ ሲመጣልኝ ክቡ ማኅተም ግራ ጉንጫቸውን ሸፍኖት ነበር። ቀብሩ በማግሥቱ ስለ ነበረ ማኅተሙን ከጉንጫቸው ላይ በኮምፒዩተር ስፍቅ አደርሁ። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው የተወልን መልክ ይኸው ብቻ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይህ ሙያ አባቶች አሉት። በአገራችን ከቀደሙት አንዱ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነው። ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። ከአፍሪካ ደግሞ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የማሊውን ሴዱ ኬይታን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በባማኮ ከተማ ፎቶ ቤት ከፈተ። ለደንበኞቹ ሰዓት፣ ብዕር፣ ሬዲዮ ያውሳቸው ነበር፤ የእኛዎቹ ፎቶ ቤቶች ኮትና ክራባት እንደሚያውሱት ማለት ነው። ፊልም ውድ ስለ ነበረ አንዱን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚያነሣው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ አጥብቆ ማየት አለበት። እኛ ግን ዲጂታል ካሜራ ከያዝን ወዲህ ሦስት መቶ አንሥተን አንዱንም ሳናይ ማደር ለመድን። የእኔ ጥፋትም ከዚሁ ይጀምራል።

ጥፋቱን ለመረዳት ስለ ካሜራ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ጥቁሩንም ነጩንም ቀላቅሎ በአማካይ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ነው። ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዲት ጠይም እናት ነጠላ ለብሳ በኖራ ግድግዳ ፊት ብትቆም፣ ካሜራው በራሱ ከተተወ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ ፊቷም ይጨልማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ልኬቱን ከፊቷ ላይ መውሰድ፣ ወይም ብርሃኑን አንድ አንድ ተኩል እርከን ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ለማድረግ ግን ቀድሞ ፊቷን ማየት ይጠይቃል።

በ2011 ዓ.ም. አንድ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ እንዳነሣ ጠራኝ። 260 ልጆች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ክርስትና ስለ ነበረብኝ በአንድ ጧት መጨረስ ፈለግሁ። ኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት አሰለፍኋቸው፤ ካሜራውን በራሱ እንዲለካ ትቼ «ቀጥል! ቀጥዪ!» እያልሁ አነሣሁ። ማታ አንድ በአንድ ሳላይ አሳተምሁ። ገንዘቤን ተቀበልሁ፤ ረሳሁትም።

ፈተናው ካለፈ፣ ውጤትም ከተነገረ በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ መምህር ቤቴ ድረስ መጡ። ቆጣ አላሉም። አንድ አድሚሽን ካርድ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ይቺን ልጅ ታውቃታለህ?»

አየሁት። ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመ ጥላ ነው፤ ዓይንም አፍንጫም አይለይም። «አላውቃትም ጋሼ» አልኋቸው።

«ያነሣሃት አንተ ነህ» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። በፈተናው ዕለት በር ላይ ካርዱንና ልጅቷን ቢያስተያዩ አልገጠመም። «ይህ ያንቺ ፎቶ አይደለም» ተባለች። ሌሎቹ ገብተው መጻፍ ሲጀምሩ እሷ ውጭ ቆማ ታለቅስ ጀመር። እሳቸው የክፍል ኃላፊዋ ስለ ነበሩ ሰው ልኮ አስጠራቸው። ሮጠው ደርሰው፣ «ልጄ ናት፤ ከመስኮቱ አጠገብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ስጽፍ ጀርባዬን ሰጥቼ ድምፅዋን እለያለሁ» ብለው መሰከሩላት። ገባች። 25 ደቂቃ ግን አልፏል።

«አላለፈችም?» ብዬ ጠየቅሁ፤ አፌ ደርቆ ነበር።

«አልፋለች» አሉ። «ግን አንተ ወንድሜ፣ እኔ ያን ቀን ታምሜ ብቀር ኖሮስ?»

ይህን ተናግረው ካርዱን መልሰው ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ሻይ እንኳ አልጠጡም። እኔ ግን ያን ሌሊት የ260ውን ልጆች ፎቶግራፍ ከፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። 31 ያህሉ ጨልመዋል። በማግሥቱ ካሜራዬን ይዤ ሄድሁ፤ ልጆቹንም አስጠርቼ ያለ ክፍያ እንደገና አነሣኋቸው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ስሙን ጠይቄ፣ ብርሃኑንም ከፊቱ ላይ ለክቼ ነው። እስኪመሽ ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የእኔ ካሜራ ያላያትን ልጅ መምህሯ አይተዋታል። እኔ በአማካይ ለካሁ፤ እሳቸው አንድ በአንድ ለኩ። እኔም እንደ እሳቸው ማየት ብችል ብዬ ተመኘሁ። እዚህ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ «የጉርድ ገበያ ስለ ቀዘቀዘ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። እሱም ትንሽ እውነት አለው። ፋይዳ መታወቂያ ፊትን በራሱ መሣሪያ ያነሣል፤ ስልክም በየኪሱ ገብቷል። ነገር ግን ገበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ሠርግ ቪዲዮ እዞር ነበር እንጂ ጠመኔ አልይዝም።

ካሜራዬንም አልጣልሁትም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ጡረታ የወጡ መምህራንን ባስተማሩበት ክፍል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሜ አነሣለሁ። እስካሁን 14 ደርሰዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ በነፃ አሳትሜ ሰጥቻለሁ። ቢያንስ የእነሱ ልጆች በለቅሶ ቀን ከመታወቂያ ላይ ማኅተም አያስፍቁም። ከመካከላቸው አንዱ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርደው ያስተማሩ ናቸው። «ጋሼ፣ ወደ ካሜራው ይዩ» ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ ዓይናቸው ወደ ኋለኛው ወንበር ይሄዳል። «የለመድሁት ወደዚያ ነው። ኋላ የሚቀመጥ ልጅ ካልታየ ይጠፋል» አሉኝ። እንደዚያው እያዩ አነሣኋቸው። ካነሣኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ውድ ሠልጣኝ ጓደኞቼ፣ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምንወጣበት ጊዜ ቀርቧል። ስልሳና ሰባ ልጆች ያሉበት ክፍል ይጠብቀናል። የክፍሉን አማካይ ውጤት አስልተን «ደኅና ነው» ብለን ለማለፍ መቸኮላችን አይቀርም፤ እኔም ያን ጧት «ደኅና ነው» ብዬ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ስም ስንጠራ ከወረቀቱ ቀና ብለን «አቤት» ያለውን ልጅ ፊት እንይ። ምናልባት አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ፣ ሮጦ መጥቶ «አውቀዋለሁ» የሚልለት ሰው ያስፈልገው ይሆናል።

ከአንድ ሠልጣኝ