ሁለት ረከዓ በእናታችን ቤት

ይህን የምንጽፍላችሁ ከስቶክሆልም ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ኮልፌ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ በሚገኘው የእናታችን ቤት፣ በአንድ የዒሻ ሶላት ላይ ነው።

በስዊድን ትምህርት ቤቶች በታኅሣሥ ወር ለሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ይዘጋሉ። ከዚያ ውጪ ልጅን ከትምህርት ገበታ አስቀርቶ ለመጓዝ የርእሰ መምህሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ቲኬት የምንቆርጠው ሁልጊዜ በዚያች ጠባብ ጊዜ ነው። ባለፈው ጉዟችን ያገኘነው 12 ቀን ነበር። ከቦሌ ተነስተን ቤት ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን በሰላም መጣችሁ ብሎ ከወጣ በኋላ፣ ገና ረከቦቱ ሳይነሳ፣ አባወራችን ሊያሰግድ ቆመ፤ እናታችንና የቀረነው ከኋላው ተሰለፍን።

ሁለት ረከዓ ሰገደ፣ ለአተሕያቱ ተቀመጠ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አሰላመተ። እናታችን ልጇ የረሳ መስሏት እጇን አጨበጨበች፤ ሴት የዘነጋ ኢማምን የምታስታውሰው በጭብጨባ ነውና። እሱም ዘወር ብሎ፣ «እማዬ፣ እኔ ሙሳፊር ነኝ፤ አንቺ ሙይው» አላት። ተነስታ የቀረውን ሁለት ረከዓ ብቻዋን ሞላች። ከዚያ በኋላ ሙስበሓዋን እየቆጠረች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ፣ «ሙሳፊር? እትብትህ ከተቀበረበት ቤት?» አለች። ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ መኝታዋ ሄደች።

አባወራችን ከራሱ ያመጣው ነገር አልነበረም። በምንኖርበት ሰፈር አብረናቸው የምንሰግደው ቱርኮች የሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ናቸው፤ በዚያ መዝሀብ በሄደበት አገር ከ15 ቀን ያነሰ ለመቆየት የነየተ ሰው ሶላቱን ያሳጥራል። እናታችን ከልጅነቷ የተማረችው ግን የሻፊዒይን ነው፤ በእሱ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይቆጥር አራት ቀን ለመቆየት የወሰነ ሰው ከመጀመሪያው አሟልቶ ይሰግዳል። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መዝሀብ አድሯል ማለት ነው። ይሁን እንጂ እናታችንን እንቅልፍ የነሳት የቀኑ ቁጥር እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያስቀሩ ወደነበሩ አዛውንት ሸኽ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ፈታ ብሏል። ሸኹ ሁለቱም የዑለማ መንገድ መሆኑን ከነገሯት በኋላ አንድ ታሪክ አጫውተዋታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካን በከፈቱ ጊዜ፣ በተወለዱባትና ከ50 ዓመት በላይ በኖሩባት ከተማ 19 ቀን ሲቆዩ ሶላታቸውን ያሳጥሩ እንደነበር ዐብደላህ ኢብን ዐባስ አስተላልፈዋል። «ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ‹ቤታቸው መዲና ሆኗላ› አሉኝ» አለችን እናታችን። ቀጥላም፣ «አላጠፋህም ልጄ። በእኔ ቤት ግን በእኔ መዝሀብ ነው፤ አራት ትሰግዳለህ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እስከ መመለሻችን ቀን ድረስ አራት ተሰገደ።

ይሁንና «ቤታቸው መዲና ሆኗላ» የምትለዋ ቃል ከእኛ ጋር አውሮፕላን ተሳፍራ መጣች።

እስቲ አሁን ቤታችንን እናሳያችሁ። የምንኖረው በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ቴንስታ በሚባል ሰፈር ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 በነበሩት አሥር ዓመታት አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤቶች ለመሥራት አቅዳ ነበርና ሰፈራችን በዚያ ጊዜ ከተሠሩት አንዱ ነው። ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆኑ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ የሰው በር አንኳኩተናል። አባወራችን አውቶቡስ ይነዳል፤ እማወራችን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የተወለዱት እዚሁ ነው።

በእኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ናት። እዚህ በታኅሣሥ ወር በሐበሻ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ትወጣና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ዙህርን ሰግደን ዕቃ አጥበን ሳንጨርስ ዐስር ይገባል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መግሪብ ደርሷል። በሰኔ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ1436 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ2015) ረመዳን ሰኔ ላይ ሲገባ ያፈጠርነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሌሊቱም በቅጡ ሳይጨልም ይነጋ ነበር። ያን ጊዜ ለእናታችን ስልክ ደውለን ብንነግራት፣ «ፀሐይዋም እንደ እናንተ ቤት የላትም እንዴ?» ብላን ነበር።

ቤት የላቸውም ማለቷ አለነገር አልነበረም። ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ከአልጋችን ሥር ሁለት፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣ ሁልጊዜ ታስሮ ይቀመጥ ነበር። በውስጡ ያልተፈታ የአልጋ ልብስ፣ የመስኮት መጋረጃ፣ 12 ብርጭቆ ከነማቅረቢያው፣ የጭማቂ መፍጫ አለ። ሁሉም «ለኮልፌ» ነው። እኛ የምንጠጣው የሰናፍጭ ዕቃ በነበረ ብርጭቆ ነበር። መስኮታችን ላይ የተሰቀለው ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደው መጋረጃ ነው። አንዱ ወንበር እግሩ ተሰብሮ በገመድ ታስሯል። አዲስ እንግዛ የሚል ሰው ሲነሳ መልሱ አንድ ነው፤ «ለጊዜው ነው፤ ምን ያደርግልናል?» እንባባላለን። ይህ «ለጊዜው» 19 ዓመት ሆኖታል።

መካከለኛዋ ልጃችን አንድ ቀን፣ «ቤታችን የሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ይመስላል» አለች። ተቆጣናት። ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው።

ከዚህ የሚብስም አለ። በየሕንፃው ምድር ቤት የጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ተራ የሚያዘው የቤት ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ በሚፈልጉት ቀንና ሰዓት በመሰካት ነው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ነበሩ፤ ለዘጠኝ ዓመት የተገናኘነው በዚያች ክፍል ብቻ ነው። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ እኛም ነቅነቅ እናደርጋለን። ከሁለት ዓመት በፊት ቁልፋቸው ከሰሌዳው ላይ ጠፋች። ማክሰኞ ጠዋት የእሳቸው ሰዓት ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ያዝነው! ከሁለት ወር በኋላ ሰዎች ዕቃ ሲያወርዱ ብንጠይቅ፣ አሮጊቷ ከሞቱ መሰንበታቸውን ነገሩን። እማወራችን ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው እናት ስታገላብጥና ስታጎርስ ውላ የምትገባው ከዚያ በር ሥር ነው። ኮልፌ ቢሆን በሰዓቱ ዕድሩ ድንኳን ጥሎ ነበር። የጎረቤት ሐቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ግን እኛ «መንገደኛ» ነን ብለን ነበርና፣ መንገደኛ ጎረቤት የለውም።

ደጉንም እንንገራችሁ። በስዊድን ትምህርት ቤቶች የስደተኞች ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን የሚማሩበት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አለ፤ አምስት ተማሪና ብቁ አስተማሪ ከተገኘ ማዘጋጃ ቤቱ ማስተማር አለበት። ልጆቻችን በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አማርኛ ይማራሉ። ትልቁ ልጅ ስለ ወላጆቹ ሰፈር ጻፍ ቢባል የእፎይታን ገበያ፣ የአያቱን ግቢ፣ አያቱ የተቀበሩበትን የኮልፌ የሙስሊም መቃብር ጻፈ። የስዊድንኛ አስተማሪው ኮልፌን አያውቁም ነበር። ልጁ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 የውትድርና ሥልጠና የወሰዱት ኮልፌ መሆኑን ሲነግራቸው ግን ካርታ አስወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በክፍሉ ውስጥ የኮልፌ ልጅ ሆኖ ቀርቷል። እንጀራውም አለ፤ ጤፉን ከገብስና ከስንዴ ዱቄት ጋር ቀላቅለን ቅዳሜ ማታ እንጋግራለን፤ ጭሱ ማስጠንቀቂያውን እንዳያስጮኸው አንዱ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ ያራግባል። በዒድ ጠዋት ሶደርማልም ወደሚገኘው መስጊድ እንሄዳለን። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1903 የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሆኖ የተሠራ ነው፤ መስጊድ ሆኖ የተከፈተው በ2000 ነው። አረፋ ሲሆን ግን በግ የምናርድበት የለንም፤ እንስሳን ሳያደነዝዙ ማረድ በስዊድን ሕግ ከተከለከለ ከ1937 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ገንዘቡን ለወንድማችን እንልካለን፤ እሱ ኮልፌ ያርዳል፤ እኛ በስልክ ቢስሚላህ ሲል እንሰማለን።

ከእናታችን ቤት ተመልሰን ሻንጣችንን መሬት ላይ እንደጣልን፣ ኮታችንን ሳናወልቅ ዙህር ሰገድን። አራት ረከዓ። ስንጨርስ አባወራችን ከመስገጃው ሳይነሳ የአልጋውን ሥር ተመለከተ፤ እኛም ተመለከትን። በሶላታችን በአላህ ፊት ነዋሪ ነን ብለናል፤ በሻንጣችን ግን ሄደናል።

በዚያ ሰሞን ስለ መጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ደጋግመን እናወራ ነበር። ሶሓባዎቹ ወደ ሐበሻ የመጡት ከመካ ግፍ ሸሽተው ነው፤ ለመመለስም ይናፍቁ እንደነበር አያጠራጥርም። ሆኖም ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና ባለቤታቸው አስማ ቢንት ዑመይስ እስከ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ ድረስ፣ ከአሥር ዓመት በላይ፣ በአገራችን ኖረዋል። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው እዚያው ሐበሻ ምድር ነው። እማወራችን፣ «አስማ ጓዛቸውን አስረው ነው ያን ሁሉ ዓመት የተቀመጡት?» ስትል ጠየቀች። መላሽ አልነበረም። ሕፃን ያለበት ቤት ግን ጓዝ ታስሮ እንደማይቆይ ሦስት ያሳደገ ያውቃል።

ሻንጣዎቹን የፈታናቸው በጥር ወር በአንድ እሑድ ነው። መጋረጃው ለመስኮታችን አንድ ክንድ ረዝሞ ተገኘ፤ ለኮልፌ መስኮት የተለካ ነዋ! ቆርጠን ሰፋነው። ብርጭቆዎቹን ስናወጣ ሁለቱ ተሰብረዋል፤ መቼ እንደተሰበሩ አላህ ይወቅ። የገመዱ ወንበር ተጣለ። በአሮጊቷ ቤት አንድ ወጣት ባልና ሚስት ገብተው ነበር፤ በረመዳን የመጀመሪያው ቀን ትንሿ ልጃችን ሳምቡሳ በሰሃን ይዛ ወጣች። ሰሃኑ በማግሥቱ የቀረፋ ዳቦ ተሞልቶ ተመለሰ። አሁን ስማቸውን እናውቃለን፤ እነሱም የእኛን፣ ምንም እንኳን አጠራሩ ቢያስቸግራቸው።

ሁሉም ነገር ተፈታ ማለታችን አይደለም። ለምሳሌ የት እንደምንቀበር እስካሁን አልተስማማንም። አባወራችን ከአባቱ አጠገብ ይላል፤ እማወራችን ልጆቿ በእግራቸው መጥተው ሊዘይሩኝ የሚችሉበት ትላለች። ወሬው ሲነሳ አንዳችን ሻይ ልናፈላ እንነሳለን።

ለእናታችን ሻንጣውን መፍታታችንን ስንነግራት ትከፋለች ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን፣ «መጋረጃውስ ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?» ብላ ጠየቀችን። ነገርናት። «እሱማ ለእኔ ቤት አይሆንም ነበር» አለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሚመጣው ሐምሌ እንደምንመጣ ልንነግራት ደወልን። እዚህ የልጆቹ ረጅም ዕረፍት በዚያን ጊዜ ነው። «ክረምት ነው እንዴ የምትመጡት? ጭቃውን አታውቁትም፤ ለልጆቹ ቦቲ ያዙላቸው» አለች። ለልጆቹ ክረምት ማለት በረዶ ስለሆነ፣ በሐምሌ ክረምት አለ ስንላቸው ይስቃሉ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ስንት ቀን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«18 ቀን፣ እማዬ።»

ትንሽ ዝም አለች። ጣቷን እየቆጠረች እንደነበር ከዚህ ሆነን አየናት። «አሥራ ስምንት ከሆነ በሁለቱም መዝሀብ አራት ነው» አለች። «ሸኹን ጠይቄአቸዋለሁ።»