ያስታረቀ አፍ

ዛሬ ጥርባ፣ የእኛ የአገዎች የእርቅ ሸንጎ ላይ ያየሁት ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል። ጠዋት ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች ታረቁ። ሽማግሌው (ማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ) ቃላቸውን እየመዘኑ፣ የሟችን እናት እያስቀደሙ፣ ስንት ዘመን ያልተነካካ እጅ አጨባበጡ። አለቀስኩ። ፖሊስ የለ፣ ፍርድ ቤት የለ። ይህን የሚችል ሕዝብ ከማን ያንሳል?

ከሰዓት ገበያ ላይ አንድ ጠቆር ያለ የቀን ሠራተኛ የድንች ጆንያ ከትከሻው አመለጠው። እኒያው ሽማግሌ «ይሄ ባርያ!» አሉት። የከበበው ሰው ሳቀ። ልጁም ሳቀ። አንጀቴን የበላው የልጁ ሳቅ ነው።

ያ ቃል ከየት እንደመጣ ትምህርት ቤት አልነገሩንም። የታሪክ መምህራችን ላሊበላ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀየር ነበር። ላሊበላን ያነጹት ዛጉዌዎች አገው ናቸው ሲለን ደረታችን ይነፋል! አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በቃሉ ያልወጣ ማርክ የለውም፤ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣቸዋለሁ። ደገኛው፣ አገውም አማራውም፣ ወደ መተከል ቆላ እየወረደ ጉሙዝን እየፈነገለ ይሸጥ እንደነበር ግን አንድም ቀን አላነሳልንም። እሱን የሰማሁት ከአያቴ ነው፣ ያውም በኩራት ሲያወሩት። በመምህሬ እስከ ዛሬ አዝንበታለሁ። ግማሹን ታሪክ አስይዞ ነው የለቀቀን።

የድሮው የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥትም ለባርነት ቦታ ነበረው። በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ስንገባ የባርያ ነገር ነው ያስቸገረን። ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት አዋጅ አወጡ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የቀረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። የምንኮራበት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው ደግሞ በ1932። አስቡት፤ የነጻነት አርበኞችን የሚዘክር ማኅበር ባርነትን ከሻረው ሕግ በሁለት ዓመት ይበልጣል! ጥር 23 ፈረሶቹ እንጅባራ ላይ ሲጋልቡ ዓይኔ ያነባል፤ ወደፊትም ያነባል። ያንን ማንም አይወስድብኝም።

ጣሊያንም ባርያ ነጻ አወጣለሁ፣ አሠለጥናችኋለሁ ብሎ መጥቶ የሰናፍጭ ጋዝ ነው ያዘነበብን። እና ሥልጡኑ ፈረንጅ፣ አረመኔው እኛ የሚል ሰው አይምጣብኝ። የእነሱ ግፍ ግን የእኛን አያጥበውም።

ነገ ገበያ የምትወጡ፣ እባካችሁ ያ ቃል ሲወረወር አትሳቁ። የተከበሩ ሽማግሌም ቢሆኑ «አባቴ፣ ይሄስ ነውር ነው» በሏቸው። እኔ ብያቸዋለሁ። ተቆጥተውኛል። ነገም እደግመዋለሁ።