ንብረት ሲጠፋ ሰው እንዳይጠፋ



ውድ አንባቢያን! የተሰረቀ ሰው ሁለት ነገር ሊያጣ ይችላል። አንደኛው ሌባው ይዞት የሄደው ንብረት ነው። ሁለተኛው በሰዎች ላይ የነበረው በጎ ግምት ነው። የመጀመሪያውን ሌባው ይወስደዋል፤ ሁለተኛውን ግን ማንም ሳይነጥቀው ባለንብረቱ ራሱ በፍለጋ ላይ ሳለ ይጥለዋል። የጠፋን ንብረት አላህ (ሱ.ወ.) በሻው መንገድ ይተካዋል። ያለ ጥፋቱ በአደባባይ ሌባ የተባለን ሰው ክብር ግን በምን እንተካዋለን?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በመሰናበቻው ሐጅ ላይ ባደረጉት ኹጥባ የሰው ደም፣ ገንዘብና ክብር የማይደፈሩ መሆናቸውን ሦስቱንም በአንድነት አስታውቀዋል። እኛ ግን ገንዘባችን የተነካ ዕለት የሌላውን ክብር ለመርሳት እንቸኩላለን። ይህን ጉዳይ ለደረሶቼ ሳስተምር ብዙ ዓመታት ቆጥሬያለሁ። በእጄ ይዤ የተፈተንኩበት ግን በጥቅምት ወር 2010 በአዲስ አበባ ከተማ ብስክሌቴ በተሰረቀ ጊዜ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «ለአንድ ብስክሌት ይህን ያህል?» ሊል ይችላል። ባሕር ዳርን ወይም ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩን ይረዳዋል። በእነዚያ ሜዳማ ከተሞች ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይመላለሳል። አዲስ አበባ ግን ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ናት። በ2016 ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ በአንዳንድ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር ሲሠራ አይተናል፤ በዚያን ጊዜ ግን ብስክሌት ነጂው ከአውቶቡስና ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ነበር የሚሄደው። ይህን ሁሉ ችሎ በብስክሌት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የታክሲ ሒሳብ የከበደው ሰው ነው።

እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ። ጠዋት ኮልፌ አካባቢ ባለች መድረሳ ሕፃናትን ቁርኣን አስቀራለሁ፤ ከዐስር በኋላ ደግሞ አብነት አካባቢ ሌሎች ልጆች ይጠብቁኛል። በመካከሉ ያለውን መንገድ በታክሲ ልሂድ ብል የወረፋው ጊዜ የትምህርቱን ሰዓት ይበላዋል፤ ሒሳቡም ከወር ገቢዬ ላይ የልጆቼን ዳቦ ይቀንሳል። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ ቆጥቤ ያገለገለች የሻንጋይ ሥሪት ፊኒክስ ብስክሌት በ3,500 ብር ገዛሁ። ሻጩና እኔ በሁለት ምስክሮች ፊት የሽያጭ ወረቀት ተፈራረምን። ብስክሌቴን ይጠግንልኝ የነበረው ባለሙያም በመጀመሪያው ቀን ገልብጦ አስተኝቷት፣ ፔዳሉ የሚዞርበት ብረት ሥር የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አሳየኝና «ኡስታዝ፣ ይህን ይጻፉት። ቀለም ይቀየራል፤ ጎማም ይቀየራል፤ ይህ ግን በቀላሉ አይለቅም» አለኝ። በደረሶቼ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት።

የተሰረቀችው ሐሙስ ዕለት በዐስርና በመግሪብ መካከል ነው። ከመድረሳው በር ብረት ጋር በሰንሰለትና በጓጉንቸር አስሬያት ነበር። ልጆቹን አሰናብቼ ስወጣ የተቆረጠው ሰንሰለት መሬት ላይ ተጋድሟል። ከልጆቹ መካከል ሁለቱ አለቀሱ። እኔም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ መንገዱን በእግሬ ተያያዝኩት።

በማግስቱ በአካባቢው ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ቃሌን ተቀበለ። ቁጥሯንና የሽያጭ ወረቀቱን ሳሳየው ተገርሞ «እንዲህ ይዞ የሚመጣ የለም» አለኝ። ከዚያም «ብስክሌት ስንቱን እንፈልጋለን? አንተው ፈልግ፤ ካገኘኸው ግን እጅህን እንዳታነሳ፣ መጥተህ ጥራን» ብሎ አሰናበተኝ። ቅር ቢለኝም ምክሩ ኋላ ጠቅሞኛል።

ሰው ሁሉ የሚመክረኝ መርካቶን ነበር። መርካቶ ሁሉም ዕቃ በየተራው የሚገኝበት ሰፊ ገበያ ነው። ከእነዚህ ተራዎች አንዷ ምናለሽ ተራ ናት። እዚያ ያረጀ ብረት፣ ቆርቆሮና በርሜል እየተቀጠቀጠ ምድጃና ሌላም የቤት ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው በላቡ፣ በሐላል የሚያድርበት ሥፍራ ነው። ነገር ግን አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ባለቤቱ ያልሸጠው ዕቃም ተቀላቅሎ ይገባል። የተሰረቀ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ እንዳለ አይሸጥም ብለው አስረዱኝ። ጎማው ለአንዱ፣ መሪው ለሌላው፣ ካቴናው ለሦስተኛው ይከፋፈላል። አካሉ ቀለም ተቀብቶ በሌላ ጎማ ላይ ይቆማል። ባለቤቱ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ ላያውቀው ይችላል።

በሦስተኛው ቀን ፍለጋዬ ዙህርን በአንዋር መስጊድ ሰግጄ ስወጣ አንድ ደላላ ተጠጋኝ። ብስክሌት እንደምፈልግ ሰምቷል። «ሼኽዬ፣ 1,000 ብር ያዘጋጁ፤ ነገ ብስክሌትዎ እጅዎ ይገባል። ማን ወሰደው፣ ከየት መጣ ብለው ግን አይጠይቁኝም» አለኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ተንቀሳቅሷል። የገዛ ሐቁን በሌላ መንገድ ማስመለስ ያቃተው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ቢያስለቅቅ ኃጢአቱ በተቀባዩ ላይ እንደሆነ ዑለሞች ማስተማራቸውን አውቃለሁ። ነገር ግን አሰብኩት። ይህ 1,000 ብር ነገ የሌላውን ድሃ ሰንሰለት የሚቆርጥበት መቁረጫ መግዣ ነው። «ልጄ፣ ዕቃዬን ካወቅከው ለአላህ ብለህ ንገረኝ፤ ለድካምህ ምሳ እጋብዝሃለሁ። ለሌባ ግን አልከፍልም» አልኩት። ሳቀና ሄደ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ከዚህ ይከብዳል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሰባተኛ አካባቢ ከአንድ ደረሳዬ አባት ጋር ስንሄድ አንድ ልጅ ዳቦ የሞላ ሳጥን የጫነበትን ብስክሌት እየገፋ አየን። ቀለሙ ቀይ፣ ሥሪቱ ፊኒክስ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው እንኳ እንደ እኔው የተጣመመ። አብሮኝ ያለው ሰው «ይኸው! ያንተ ነው፣ ያዘው!» ብሎ ጮኸ። በአንድ አፍታ ሰው ተሰበሰበ። ልጁን የማያውቁት፣ እኔንም የማያውቁኝ ሰዎች በኮሌታው ያዙት። አንዱ «ይህ ፊቱም የሌባ ነው» አለ። ልጁ ከገጠር ከመጣ ብዙ አልቆየም፤ አነጋገሩ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ የአሠሪዬ ነው! በእመቤቴ ማርያም እምላለሁ!» እያለ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያ ሰዓት «አዎ፣ የእኔ ነው» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ልጁ ይደበደብ ነበር። ዓይኔ «ያንተው ነው» እያለኝ ነው። «እባካችሁ ማንም እንዳይነካው» አልኩና ዳቦውን አውርደን ብስክሌቱን ገለበጥነው። ጭቃውን በመሐረቤ ጠርጌ ቁጥሩን ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁ። የመጀመሪያዎቹ አሐዞች አንድ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። የእኔ አልነበረም። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ፤ «ይቅርታ» ብሎ የሄደ ግን አልነበረም። አብሮኝ የነበረው ሰው ብቻ አንገቱን ደፍቶ ልጁን ዐውፍ አስባለ፤ መሬት ወድቀው የነበሩትን ዳቦዎችም ገዛው።

ውድ አንባቢያን! በሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያሉት አንቀጾች የወረዱበትን ምክንያት የተፍሲር ዑለሞች ሲተርኩ በመዲና የጦር ልብስ የሰረቀን አንድ ሰው ያነሳሉ። ሰውየው ነገሩ እንደሚደርስበት ሲያውቅ ዕቃው በአንድ አይሁዳዊ ቤት እንዲገኝ አደረገ። ዘመዶቹም ለዘመዳቸው ወግነው ቆሙ። ዕቃው የተገኘው ከአይሁዳዊው ዘንድ ስለነበር ለዓይን የሚታየው ማስረጃ ሁሉ በእርሱ ላይ ነበር። የአላህ ቃል ግን ወርዶ ንጹሑን ነፃ አወጣ፤ ሙስሊም ነኝ ያለውንም አጋለጠ። እንግዲህ ልብ በሉ! አላህ (ሱ.ወ.) የአንድን ሙስሊም ያልሆነ ሰው ክብር ለመጠበቅ እስከ ቂያማ ቀን የሚነበብ አንቀጽ ካወረደ፣ እኛ ለአንድ ዳቦ አመላላሽ ልጅ ስንል የብስክሌት ቁጥር እስክናነብ መታገሥ እንዴት ያቅተናል? በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ከጥርጣሬ እንድንርቅ የታዘዝነውም የሌላውን ክብር ሊያጠፋ ስለሚችል ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በኅዳር ወር፣ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ያ ጠጋኝ ወዳጄ ደወለልኝ። አንድ ወጣት ፍሬን ሊያስተካክል ያመጣውን ጥቁር ብስክሌት ገልብጦ ሲያየው እርሱም በደብተሩ ይዞት የነበረውን የእኔን ቁጥር አገኘ። ሄድኩ። ቀለሟ ተለውጧል፤ ጎማዎቿም አዲስ ናቸው። ቁጥሩ ግን ያው ነው። ወጣቱ በሆቴሎች እንቁላል እያዞረ የሚያድር፣ የአንድ ልጅ አባት ነበር። ከማያውቀው ሰው መንገድ ላይ ያለ ወረቀት በ1,800 ብር እንደገዛት ነገረን። አልዋሸም፤ ሲናገር ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ጩኸት ሳይኖር ሁለት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራን። በሸሪዓው ፍርዱ ግልጽ ነው። ደረሳ ሆኜ ኢማም አን-ነወዊን (ሞት 676 ሂጅራ) ሚንሃጅ ስቀራ የገስብ ምዕራፍ ላይ እንዳየሁት ተነጥቆ የተወሰደ ንብረት በስንት እጅ ቢያልፍ የባለቤቱ መሆኑ አይቀርም። ሳያውቅ የገዛው ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ንብረቱን ግን ይመልሳል፤ ዋጋውንም ከሸጠለት ሰው ይጠይቃል። ነገር ግን ያ ሻጭ የት ይገኛል?

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ብስክሌቷን ተረከብኩ። ጎማዎቹ፣ ከመነዳሪዎቹና ካቴናው ወጣቱ በገዛ ገንዘቡ የጨመራቸው ስለሆኑ 450 ብር ዋጋቸውን ከፈልኩት፤ ይህ ሐቁ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ጣቢያው ሄደን ብስክሌቷ መገኘቷን አስመዘገብን፤ እርሱም የሸጠለትን ሰው መልክ ተናገረ። ሁለት ቅዳሜ አብሬው ሻጩን ፈለግን፤ አላገኘነውም። 1,800 ብሩ በወጣቱ ላይ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሰፈሩ ሰው ጥቂት አሰባስበው የእንቁላል መግዣ ሰጡት፤ እኔም የምችለውን ጨመርኩ። ይህ ግዴታ አልነበረም፤ ኢሕሳን ነው። እንደዚያም ሆኖ ሐቄን ይዤ ስሄድ እርሱ ባዶ እጁን ቆሞ ሲያየኝ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። በአንድ ሰንሰለት መቆረጥ ሁለት ድሃ ቤት ተጎድቷል፤ ያተረፈው አንዱ ሌባ ብቻ ነው።

ከዚህ ለቤተሰቦቻችን የሚሆን ምክር ልስጥ። አንደኛ፦ ብስክሌትም ሆነ ስልክ ስትገዙ ቁጥሩን ጻፉ፤ የሽያጭ ወረቀትም ይኑራችሁ። መጻፍ ከሐሜትም ከጥርጣሬም ይጠብቃል። ሁለተኛ፦ ዋጋው ያለ ምክንያት የረከሰ ዕቃ ሲቀርብላችሁ «ሪዝቅ መጣልኝ» አትበሉ። ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ዕቃውን ከየት እንዳገኘው ጠይቁ፤ ካልመለሰ ተዉት። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛን ሰው የአገሪቱም የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል፤ ከዚያ በፊት ግን የአላህ ምርመራ አለ። የሌባ ተቀባይ ባይኖር ሌባው ዕቃውን ለማን ይሸጣል? ሦስተኛ፦ ልጆቻችን መንገድ ላይ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰሙ ሮጠው ከሚማቱት ጋር እንዳይቀላቀሉ ከአሁኑ እናስተምራቸው። የያዙትን ለሕግ ማስረከብ ሌላ፣ ሳያውቁ መማታት ሌላ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ንብረታችንን በሐላል የተገኘና በእርሱ ጥበቃ ሥር ያለ ያድርግልን። የጠፋብንን በተሻለ ይተካልን። ምላሳችንንና እጃችንን ከንጹሕ ሰው ክብር ያርቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።